አርባ ሦስት እሺ

አዳማ ውስጥ ሰው ጮክ ብሎ «እሺ» ማለት ከተወ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። የከለከለ የለም፤ ውድ ሆነ እንጂ። አውቶቡስ ላይ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል ተሳፋሪው ዝም ብሎ ይጠጋል። ሐኪሙ «ከምግብ በኋላ ትወስጂዋለሽ» ሲል በሽተኛዋ «ሰማሁ» ትላለች። ሙሽሮች እንኳ ቃል ሲገቡ ከጆሯቸው ጀርባ የተለጠፈችውን ነገር አውልቀው ለሚዜ ይሰጣሉ፤ ሚዜው ይዟት ከአዳራሹ ይወጣል፤ ከዚያ ነው «እሺ» የሚባባሉት። ነገርየዋን ሰው ሁሉ «ጆሮ» ይላታል። የምስር ፍሬ ብታክል ነው። ያለ እሷ አውቶቡስ መሳፈር የለም፣ ደሞዝ መቀበል የለም፣ የቧንቧ ውሃ መቅዳት የለም። የሰማችውን እሺ ደግሞ ውል ብላ ትይዛለች። ለማን እንደተባለ መለየት የአበዳሪዎቹ ሥራ ነው፤ እነሱ ደግሞ ሁልጊዜ «ለእኛ ነው» ባይ ናቸው።

ልጆች ትምህርት ቤት በገቡ በመጀመሪያው ሳምንት የሚማሩት ይህንኑ ነው። መምህርቷ «ቁጭ በሉ» ትላለች፤ እነሱ «ሰማን» ብለው ይቀመጣሉ። ከስድስት ዓመት በፊት ደግሞ ትንፋሹም ተጨመረ። ሰው ሲያወራን አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን «ኧ» የምንለው፣ «ነው፣ ቀጥል» እንደ ማለት፣ እሱም ከእሺ እኩል ይቆጠራል ተባለ። ከዚያ ወዲህ የከተማው ሰው ወሬ የሚያዳምጠው አፉን ገጥሞ ነው። እንግዳ ቢያየው አገሩ በሙሉ የተኳረፈ ይመስለዋል።

ኤዶም ግን በዚህም መሃል ደህና ትኖር ነበር። ሹሩባ ሠሪ ናት፤ ስልሳ ሦስት ዓመቷ። ዘመኑ ኤዶም፣ ሶልያና፣ ያፌት የሚባለው ሁሉ አርጅቶ፣ አስናቀችና መኳንንት የሚባሉት ወጣት የሆኑበት ዘመን ነው። ምድር ቤት ባለ ሁለት ክፍል ኮንዶሚኒየም አለቻት፤ ፊተኛው ክፍል መሥሪያዋ፣ ኋለኛው መኝታዋ ነው። በሩ ጋ ውስጡን በጨርቅ የጠቀጠቀችው የዱቄት ወተት ጣሳ አስቀምጣለች። የሚገባ ሁሉ ጆሮውን አውልቆ እዚያ ይከታል፤ ክዳኑ ይገጠማል። ከዚያ ወዲያ የፈለጉትን መናገር ይቻላል። ግማሹ ደንበኛ የሚመጣው ፀጉሩ ፈርሶበት አይደለም፤ እሺ ለማለት ነው። አንዲት የባንክ ሠራተኛ አለች፣ በየሐሙሱ የምትመጣ። ወንበሩ ላይ ተደላድላ ትቀመጥና፣ ኤዶም ማበጠሪያውን ገና ሳታነሳ፣ «እሺ፣ እሺ፣ እሺ፣ እሺ» ትላለች፣ ጀርባውን እንዳከኩለት ሰው ፊቷ እየበራ። ኤዶም «ጨረስሽ?» ትላታለች። ከዚያ ሥራ ይጀመራል።

መኳንንት የመጣው ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ነው። አንድ ልጇ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመቱ። መጋዘን ሰፈር ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፤ እሑድ እሑድ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። ማክሰኞ መምጣቱ ብቻውን አስደነገጣት። እጁ ላይ ደግሞ ወረቀት ነበር። በዚያ ዘመን ወረቀት የሚሰጠው ለሦስት ነገር ነው፤ ለሞት፣ ለቤት፣ እና ነገር ሲበላሽ።

ወንበሩ ላይ ሶልያና ነበረች፣ ፎቅ ላይ የምትኖረው ጓደኛዋ፤ ግማሽ ራሷ ተሠርቶ ግማሹ ተበትኗል።

«ጆሮህን አውልቅ» አለችው ኤዶም። አወለቀ፣ ጣሳው ውስጥ ጣላት፣ ክዳኑን ገጠመ። «እሺ፣ አሁን ተናገር።»

ወረቀቱ የ«አይዞህ» ነው። አይዞህ አበዳሪ ድርጅት ነው፤ ስሙን ያወጣለት ሰው በሆዱ ሳይስቅ አልቀረም። መኳንንት ከአምስት ዓመት በፊት ለቤት ኪራይ ቅድሚያ አርባ ሺህ ብር ተበድሮ ነበር። እናቱ ይህን ታውቃለች። የማታውቀው አርባ ሺህዋ ሁለት ሚሊዮን ስምንት መቶ ሺህ መሆኗን ነው።

«ምን ገዝተህበት ነው?»

«ምንም።»

«ቁማር ነው?»

«አይደለም እማ።»

«ታዲያ ብር ዝም ብሎ ይወልዳል?»

«እሺ እያልኩ ነው» አለ መኳንንት፣ መሬት መሬቱን እያየ። «ይደውላሉ። ጊዜ ላራዝምልህ ይላሉ፣ ይሄን ከዚያኛው ጋር ላጣምርልህ ይላሉ፣ መድን ልጨምርበት ይላሉ። እሺ እላለሁ። አርባ ሦስት ጊዜ ብያለሁ። እዚያ ተጽፎልሻል።»

ኤዶም ወረቀቱን አገላበጠችው። ይህን ልጅ ስታሳድገው «ትልቅ ሰው ሲናገር እሺ በል» እያለች ነው። ሠፈርተኛው «የኤዶም ልጅ እሺ ባይ ነው፣ የታደለች» ይላት ነበር፤ እሷም ደስ ይላት ነበር። አሁን ያ ሁሉ ሙገሳ ቁጥር ሆኖ መጣላት።

ወረቀቱ «ለመውጣት ሦስት በር አለልህ» ይላል። በመጀመሪያው በር ዋስ ይገባል፤ ዕዳው በዋሱ ቤት ላይ ይዞራል። በሁለተኛው ተበዳሪው ድምፁን ያስይዛል፤ ለዘጠኝ ዓመት ድምፁ የአይዞህ ይሆናል፣ እነሱ ይደውሉበታል፣ እሱ ከቤቱ ደጃፍ ወዲያ አይናገርበትም። ሦስተኛው ከታች በደቃቅ ፊደል ነው፤ «ቃል ማስመርመር» ይላል። እያንዳንዱ እሺ በቀበሌ አዳራሽ በሕዝብ ፊት ይሰማል፤ ሦስት አድማጮች እሺነቱን ይፈርዳሉ፤ ተበዳሪው ከተረታ ዕዳው እጥፍ ይሆናል። ለመምረጥ ዐሥር ቀን ተሰጥቷል።

«ቤቱን» አለች ኤዶም፣ ወረቀቱን አንብባ ሳትጨርስ። «ዋስ እሆናለሁ፣ አለቀ።»

«አትሆኚም።»

«ማን ሊከለክለኝ ነው?»

«እኔ። ድምፄን ላስይዝ ወስኛለሁ። የመጣሁት ልነግርሽ እንጂ ላማክርሽ አይደለም። ዘጠኝ ዓመት ምን አላት? ደግሞስ እኔ ከማን ጋር ነው የማወራው?»

ይህን ሲል ሶልያና ከወንበሩ ላይ ዞረች፤ ያልተሠራው ፀጉሯ ፊቷ ላይ ወደቀ።

«መኩዬ፣ ባለፈው ሳምንት አስናቀች ደወለችልኝ» አለች።

ኤዶም እጇን አቆመች። አስናቀች የሶልያና ልጅ ናት፤ ድምጿን ካስያዘች አራት ዓመቷ። የምትኖረው እዚያው ፎቅ ላይ ከእናቷ ጋር ነው።

«ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ አጠገቤ ናት። ጆሮዬ ላይ ደግሞ ደወለች። ‹እማምዬ፣ የመብራቱን ክፍያ ሁለት ቀን አሳልፈሻል፣ አታሳፍሪኝ እንጂ› አለችኝ። ልክ ስትቆጣኝ እንደምትለው አድርጋ። ዞር ብዬ አየኋት። ሽንኩርቷን ትከትፋለች።» ሶልያና ፀጉሯን በእጇ ወደ ኋላ አደረገች። «ከፈልኩ፤ ምን ላድርግ? የጠየቀችኝ ልጄ ናት። መጀመሪያ የሚደውሉት ለእናት ነው፤ ይሄን ወረቀቱ ላይ አይጽፉትም።»

ኤዶም ወረቀቱን እንደገና አነሳችና ደቃቁ ፊደል ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ይሄኛውስ?»

«እሱን ተይው።»

«ለምን እተወዋለሁ?»

«ሕዝብ ፊት ነው የሚሰማው።»

«ሕዝብ ምን ያደርግሃል? አልሰረቅህ፣ አልገደልክ።»

«አንቺም ትሰሚያለሽ» አለ መኳንንት።

ኤዶም የሰው ፊት ሳታይ አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ራስ ይዛ ኖራለች። አንገት መቼ እንደሚገተር ታውቃለች። የልጇ አንገት ተገትሯል። ከዕዳው ይልቅ ይህ አስፈራት፤ ፍርሃቷንም አልደበቀችም።

«ምን ብለህ ይሆን ብዬ ከማስብ ብሰማው ይሻለኛል» አለችው። «አንዴ ልስማው። ከዚያ አንተው ትመርጣለህ። የመረጥከውን አልነካብህም።»

ከወረቀቱ ጥግ ላይ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ነበረች፤ ሲጫኗት ጥሪዎቹ በተርታ ይሰማሉ። መኳንንት ነጥቧን አሳያት፣ ጆሮውን ከጣሳው አውጥቶ ለጠፈ፣ ደህና ዋዪም ሳይል ወጣ። ሶልያና «ራሴን ጨርሽልኝ፣ ልሂድና ስሚ» አለቻት።

ኤዶም ከደንበኛና ከደንበኛ መሃል እየሰረቀች ሰማች። የአይዞህ ድምፅ ቤዛ ትባላለች። ሰው አይደለችም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ግን ደርባባ ናት፣ ሳቋ ቅርብ ነው፣ የጎረቤት ልጅ ትመስላለች። «መኩ፣ ዛሬ ድምፅህ ደክሞኛል ይላል» ትለዋለች። «ምሳ በላህ ወይስ እንደ ትናንቱ ነው?» ትለዋለች። ብሩን የምታነሳው መጨረሻ ላይ ነው፣ እግረ መንገዷን፣ ልትሰናበት ስትል። መኳንንትም «እሺ» ይላል።

ሃያ ሁለተኛው ጥሪ ላይ ልጇ ከሥራ መባረሩን ሰማች። ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ስምንት ወር ሙሉ ጠዋት ለባብሶ እየወጣ ባቡር ጣቢያ ቁጭ ሲል ይውል ነበር። እሑድ ደግሞ እሷ ጋ መጥቶ «ሥራ ጥሩ ነው» ይላት ነበር።

«ለእናትህ ለምን አትነግራትም?» ትለዋለች ቤዛ።

«እናቴ ቀኑን ሙሉ ከሰው ፀጉር ጋር ስታወራ ውላ፣ እኔ ስደርስ ወሬዋ ያልቃል። አንድ ቀን እንኳ ምን ሆነሃል አላለችኝም።»

ኤዶም ነጥቧን ለቀቀቻት። ተነስታ ውሃ ጠጣች። «ውሸት ነው» ልትል አፏን ከፈተች፤ የሚሰማት ስላልነበረ መልሳ ዘጋችው። እሑዶቹን ለማስታወስ ሞከረች። «ወጥ ልጨምርልህ?» ማለቷን አስታወሰች። ሌላ የጠየቀችው ነገር ትዝ ሊላት አልቻለም። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠችና ነጥቧን ተጫነቻት፤ ሃያ አንድ ጥሪ ይቀር ነበር።

ሁለተኛውን ዙር ስትሰማ እንደ እናት አልሰማችም፤ እንደ ሹሩባ ሠሪ ነው የሰማችው። የፀጉር ቅባት የመጣበትን ካርቶን ቀዳ ከአንድ እስከ አርባ ሦስት ቁጥር ጻፈችበት። ሰው ራሱን ሰጥቷት ሲቀመጥ «አጠበቅሁብህ?» ስትለው የሚላት እሺ አለ፤ ታግሶ ነው እንጂ አጥብቃበታለች። እንዲህ ያለውን እሺ ከልጇ አፍ አሥር ጊዜ አገኘችው። «በቃ ልዝጋው» የሚል እሺ አለ፣ ችኩል፣ ጫፉ የተቆረጠ። አንዱ ለሱቅ ሻጭ የተባለ ነው፤ ሻጩ «ፌስታል ልስጥህ?» ሲል ከኋላ ይሰማል። ዘጠኙ እሺ እንኳን አይደሉም፤ ትንፋሽ ናቸው፤ ከዘጠኙም አንዱ ደረጃ ሲወጣ ያለከለከው ነው። አሥራ ስምንተኛው ላይ ልጁ ተኝቷል። እንቅልፉን ታውቀዋለች፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንደዚያ ነው የሚተነፍሰው።

ከአርባ ሦስቱ አራቱ ግን እውነተኛ እሺ ናቸው። ሰው አስቦ፣ ፈልጎ፣ ተስማምቶ የሚለው ዓይነት። መስቀል አደረገችባቸው። ልጄ ነው ብላ አላለፈቻቸውም፤ ሠላሳ አንደኛው ላይ ብቻ እጇ ትንሽ ዘገየ።

ሐሙስ ያቺ የባንክ ሠራተኛ መጣች። ተደላድላ ተቀመጠችና «እሺ፣ እሺ፣ እሺ፣ እሺ» አለች። ኤዶም ማበጠሪያውን እንደያዘች ቀረች።

«ምነው?» አለች ሴትዮዋ።

«ይቺ ልጅ እሺ አትልም» አለች ኤዶም።

«የቷ ልጅ?»

ኤዶም ማበጠር ጀመረች። ምሳ ሰዓት ላይ በሩን ዘግታ ሁሉንም ለሦስተኛ ጊዜ ሰማች፤ አሁን ልጇን ትታ ቤዛን ብቻ። «ነገ ደውይልኝ» ሲላት «ደስ ይለኛል» ትላለች። «ጠብቂኝ» ሲላት «እዚሁ ነኝ» ትላለች። «ሰማሁህ» ትላለች፣ «እንዳልክ» ትላለች፣ «በደንብ እንጂ» ትላለች። አርባ ሦስት ጥሪ፣ አምስት ዓመት ሙሉ፣ እንደ ጎረቤት ልጅ እያወራች፣ አንዲት እሺ ከአፏ አልወጣችም።

እሑድ መኳንንት ሲመጣ ማዕዱ ቀርቧል፤ ካርቶኑ ደግሞ ከማዕዱ አጠገብ ነበር። ጆሮውን ጣሳ ውስጥ ከተተና ቆመ።

«ሰማሽ» አለ።

«ሰማሁ።»

«የፀጉሩንም?»

«የፀጉሩንም። ግማሹን እውነትህን ነው። ግማሹን ደግሞ አንተም ጥፋተኛ ነህ፤ ጥሩ ነው ጥሩ ነው እያልክ በልተህ ነው የምትሄደው። እሱን ሌላ ቀን ተረጋግተን እንጣላበታለን። አሁን ሥራ አለን፤ ቁጭ በል።»

መኳንንት ተቀመጠ። እሷ ካርቶኑን እየጠቆመች አንድ በአንድ አስረዳችው፤ ይሄ ትዕግሥት ነው፣ ይሄ ለሻጩ ነው፣ እዚህ ተኝተሃል። መስቀሎቹ ጋ ስትደርስ ድምጿን ዝቅ አላደረገችም።

«እነዚህ አራቱ የአንተ ናቸው። የመጀመሪያው አርባ ሺህዋ ናት። ሁለቱ ቀላል ናቸው። ሠላሳ አንደኛው…»

«አውቀዋለሁ» አለ።

«እሱ ከሌለ ዕዳህ መቶ አሥር ሺህ ነው። እሱ ካለ ስድስት መቶ ዘጠና። ሦስት ጊዜ ደምሬዋለሁ።»

መኳንንት ካርቶኑን ወደ ራሱ ሳበና አርባ ሦስቱንም ቁጥር ከላይ እስከ ታች አያቸው። ብዙ ጊዜ ወሰደበት፤ ወጡ ቀዘቀዘ።

«ብረታስ?» አለ። «እጥፍ ነው የሚሆነው። አምስት ሚሊዮን ስድስት መቶ። ያን ጊዜ ድምፄም ቤትሽም አይበቃውም።»

«ምናልባት።»

«ደግሞ ሠፈሩ ሁሉ ይሰማዋል።»

«ግማሹን ሠፈር አውቀዋለሁ፤ እነሱም የሚሰማባቸው አለ። እኔ የምለውን ብያለሁ። ከዚህ ወዲያ ያንተ ነው።»

«ሦስተኛው በር» አለ መኳንንት።

ረቡዕ ጠዋት ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ስልሳ ያህል ሰው ነበር። እኩሌታው የኤዶም ደንበኛ ነው፤ ከኋላ ሆነው ቢያዩ የእጇ ሥራ ረድፍ በረድፍ ተደርድሮ ይታያል። ሶልያና ከአስናቀች ጋር ከፊት ተቀምጣለች፤ አስናቀች እንደ ደንቡ ዝም ብላለች። ጆሮዎቹ በር ላይ በከረጢት ተሰበሰቡ። ከሦስቱ አድማጮች መሃል የተቀመጡት ሰብሳቢው አቶ ያፌት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር። ከፊታቸው ባለው ጠረጴዛ ላይ የብርጭቆ ክዳን የምታህል ድምፅ ማውጫ ነበረች። ቤዛ እዚያ ውስጥ ናት።

«እንደምን አደራችሁ» አለች ቤዛ። «መኩ፣ ደህና ነህ? ነገሩ ቀላል ነው። ደንበኛችን አርባ ሦስት ጊዜ ተስማምቷል። የስምምነቱ ቃል በመዝገቡ ላይ ግልጽ ነው።»

አቶ ያፌት ወደ ኤዶም ዞሩ። «ወይዘሮ ኤዶም፣ ለልጅዎ ይናገሩለታል ተብሏል።»

ኤዶም ተነሳች። ሰው ፊት ቆማ ተናግራ አታውቅም፤ ራሱን የሚሰጣት ሰው ሁሉ ጀርባውን ነው የሚሰጣት። ጠረጴዛውን ያዘች።

«የቱ ቃል ነው ግልጽ የሆነው?» አለች ወደ ድምፅ ማውጫዋ።

«የስምምነቱ ቃል፣ እማማ።»

«ምን የሚለው?»

«በመዝገቡ ላይ ያለው።»

«እኔ መዝገብ አላነብም። ቃሉን በይልኝ።»

«ደንበኛችን የተናገረው የስምምነት ቃል ነው፣ እማማ» አለች ቤዛ፣ አንዲት ፍሬ ሳትቆጣ።

ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ። ሳቁ ረድፍ እያለፈ መጣ። ኤዶም አልሳቀችም።

«አርባ ሦስቱንም ሰምቻለሁ» አለች ወደ አድማጮቹ ዞራ። «ሦስት ሦስት ጊዜ። ይቺ ልጅ እንደኛ ታወራለች፤ እንዲያውም ከኛ ታምራለች። ግን አንድ ቀን እሺ ብላ አታውቅም። አማርኛ አፉን የፈታ ሰው አምስት ዓመት ሙሉ አንዲት እሺ ሳይል ይኖራል? እኔ አንድ ራስ ሠርቼ እስክጨርስ መቶ ጊዜ እላለሁ። ከአፏ ያወጣባት ሰው አለ። ያወጣባት ደግሞ ቃሉ ሳይታሰብ እንደሚያመልጥ ስለሚያውቅ ነው። ለራሱ ሲሆን ፈራው፤ ለልጄ ሲሆን ውል ነው አለው። ያላልኩትን አልጨምርም፤ ይኸው ነው።»

አቶ ያፌት ድምፅ ማውጫዋን አዩዋት። «ምን ትያለሽ?»

ቤዛ ለሦስት ሰከንድ ያህል ዝም አለች። ለእሷ ይህ ብዙ ነው። «ጥያቄውን ሰምቻለሁ» አለች።

አድማጮቹ ራስ ለራስ ተጠጋግተው ቆዩ። ቀና ሲሉ ፍርዳቸው አጭር ነበር። ከእንግዲህ እሺ ስለተባለ ብቻ አይቆጠርም አሉ፤ እያንዳንዱ ይሰማል፣ መኳንንት በሚያምንበት ምሎ «ነው» ወይም «አይደለም» ይላል፣ እነሱም አድምጠው ያጸድቃሉ። መኳንንት ማለ። አንድ ተብሎ ተጀመረ።

ሲሰማ ዋለ። ልጇ የተናገረው ሁሉ፣ ባቡር ጣቢያው፣ ባዶ ኪሱ፣ የፀጉሩ ነገር፣ ሁሉም በአዳራሹ ውስጥ ጮክ ብሎ ተነገረ። የፀጉሩ ነገር ሲመጣ ደንበኞቿ ወደ እሷ ላለማየት መሬቱን ያዩ ነበር። ኤዶም ቀና እንዳለች ተቀመጠች። መኳንንት የመጀመሪያውን «ነው» አለ፤ አሥራ አንደኛውንና አሥራ አምስተኛውንም «ነው» አለ። ሌላውን «አይደለም» አለ፤ አድማጮቹም እየሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። አሥራ ስምንተኛው ላይ የእንቅልፉ ትንፋሽ ሲሰማ አቶ ያፌት ሳያስጨርሱ «ሰርዝ» አሉ።

«ሠላሳ አንድ» አለ ጸሐፊው።

«መኩ» ትላለች ቤዛ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ሆና፣ «ከአሁን ወዲያ በየሳምንቱ እየደወልኩ ላጫውትህ? አገልግሎቱ በወር ይታሰባል።»

ከዚያ ዝምታ ነው። ከዝምታው ሥር ባቡር ሲያልፍ ይሰማል። ባቡሩ ካለፈ በኋላ «እሺ» ይላል መኳንንት፣ ቀስ ብሎ።

አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አዳመጠ፤ አድማጮቹ ግን ተያዩ። ቃሉ አጭር ነበር፣ ወዲያም ወዲህም የሚያስኬድ። «አይደለም» ቢል ያልፍ ነበር። ይህን ኤዶምም አየች። አልነካብህም ያለችው እናት ወደ ልጇ ጠጋ አለችና «አይደለም በል» አለችው በሹክሹክታ። «ወደ ስድስት መቶ ሺህ ነው መኩ። አይደለም በል።»

መኳንንት እናቱን አያት። ከዚያ ወደ ፊት ዞረ።

«ይሄኛው ነው» አለ።

አዳራሹ አጉረመረመ። አቶ ያፌት መነጽራቸውን አወለቁ። «አስብበት ልጄ። ከባዱ ይሄ ነው።»

«አውቃለሁ። በዚያን ጊዜ የሚደውልልኝ ሰው አልነበረም። እንድትደውልልኝ ፈልጌ ነው እሺ ያልኩት። ይሄን አይደለም ብዬ ከማልኩ፣ ሠላሳ ዘጠኙንስ ማን ያምነኛል? እኔ ራሴስ?»

«አመሰግናለሁ መኩ» አለች ቤዛ ከጠረጴዛው ላይ፣ በዚያ በደህናው ድምጿ።

የቀሩት አሥራ ሁለት እሺዎች ቶሎ አለቁ። አድማጮቹ አራቱን አጸደቁ፣ ሠላሳ ዘጠኙን ሰረዙ። ድምፅ የማስያዙም የዋሱም በር ተዘጋ። ስድስት መቶ ዘጠና ሺህ ብር፣ በሰባት ዓመት፣ በየወሩ እዚሁ አዳራሽ እየመጡ በእጅ የሚከፈል ሆነ። ጸሐፊው፣ አንድ ቀጭን ልጅ እግር ሰውዬ፣ ወረቀት አወጣ።

«ከፋይ እንዴት ይጻፍ?» አለ።

ኤዶም በሆዷ ሒሳቡን ጨርሳዋለች። ከሰዓት በኋላ ማረፏን ትታ ትሠራለች። የኋለኛውን ክፍል ታከራያለች፣ ፊተኛው ወለል ላይ ትተኛለች። ሰባት ዓመት ማለት ሰባ ዓመቷ ነው፤ እጇ እስከዚያ ይቆያል። ቁጣም እልህም አንድ ላይ ይዟት ተነሳች።

«እንከፍላለን» አለች።

ጸሐፊው ይህንኑ መጻፍ ጀመረ። መኳንንት መዳፉን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ።

«እከፍላለሁ ነው» አለው። «እከፍላለሁ ብለህ ጻፍልኝ።»

«መኩ፣ እኔ እናትህ ነኝ።»

«እማ፣ ቁጭ በይ።»

አልተቆጣትም። ግን እንደዚህ ብሎ አናግሯት አያውቅም፤ በሕይወቱ ሙሉ ለእሷ የመለሰላት በአንዲት ቃል ነበር። ኤዶም ጸሐፊውን አየች፣ ወረቀቱን አየች። «እንከፍ» ድረስ ተጽፏል። የልጇ መዳፍ ከወረቀቱ ላይ አልተነሳም። ተቀመጠች።

ጸሐፊው የጀመረውን ሰረዘው። ከጎኑ «እከፍላለሁ» ብሎ ጻፈና የሚፈረምበትን ቦታ በጣቱ አሳየው።